ኮሎኔሉ በእግሩ አይገባም

በፈረንጆቹ 1999 መኸር ላይ ነሲባ ሙሀመድዘይን ለእናት ለአባቷ እንኳ በትክክል ያልነገረችው ሥራ ነበራት። ቤተሰቦቿ የሚያውቁት፣ በምትማርበት በሎክሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቅዳሜ ቅዳሜ የስፖርት ክፍሉን ቢሮ እንደምታግዝ ነው። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሎኔሉ ነበረች።

ኮሎኔሉ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ማስኮት ነው፤ ሰው ውስጡ ገብቶ ደጋፊውን የሚያሟሙቅበት የቡድኑ መለያ ልብስ። የድሮው የኮንፌዴሬት ጦር ግራጫ ካፖርት፣ እስከ ደረቱ የወረደ ነጭ ጺም፣ በርሜል የሚያህል ጭንቅላት፣ በእጁ አለንጋ። ከሰባ ዓመት በላይ ሜዳውን የሚከፍተው እሱ ነበር፤ ታዲያ በእግሩ አይገባም። ዐሥር ፍሬሽ፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት፣ ተጫዋቾች በገመድ በሚጎትቱት ሠረገላ ላይ ተቀምጦ ይመጣል፤ መሀል ሜዳ ሲደርስ አለንጋውን ሦስት ጊዜ ያጮሃል፤ ስታዲየሙም በአንድ ድምፅ “አንድ! ሁለት! ሦስት!” እያለ ይቆጥራል። ጨዋታው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራውን ያገኘችው ተወዳድራ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በየተራ ልብሱን ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣ ቃል ሳይተነፍሱ መደነስ ነበረባቸው። ዳኞቹ ያለ ክርክር አራት ቁጥርን መረጡ። አራት ቁጥር ትልቁን ጭንቅላት ስታወልቀው፣ ላብ ያራሰው ሻሽ ያሰረች ጠይም ልጅ ብቅ አለች። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ኮልቢ ሳቀ።

“ከውስጥ ማን እንዳለ ማን ያያል?” አለ።

ከዚያ ወረቀት አስፈረማት። ኮሎኔሉ መሆኗን ለማንም አትናገርም፤ በምትኩ የትምህርት ክፍያዋ እኩሌታ ይሸፈንላታል። አባቷ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች ሻትል ይነዳል፤ እናቷ ነዚፋ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለ ሆስፒታል የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ነሲባ ብዙ አላሰበችም፤ ፈረመች።

ግራጫው ካፖርት የማን እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ቤታቸው ባለበት በታከር ስምንተኛ ክፍል ሳለች ተምራዋለች፤ ግራጫ ለባሾቹ ባርነት እንዳይቀርባቸው እንደተዋጉ ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን “ልብስ ነው” ብላ ለራሷ ነገረቻት። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትወደው ነበር። ከልብሱ ውጭ ሰው ሁሉ ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እየለየ የሚያናግራት፣ “ሻሹ አይሞቅሽም?” የምትባል ልጅ ነች። ከልብሱ ውስጥ ግን ዐሥራ ሁለት ሺህ ሰው ብድግ ይልላታል። ሕፃናት ጉልበቷን አቅፈው አንለቅም ይላሉ። እጇን ስታነሳ ሕዝቡ ይጮሃል፣ ስታወርድ ጸጥ ይላል። ይህን አንዴ የቀመሰ ሰው በቀላሉ አይተወውም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ጓደኛዋ ሄራን ናት። ሄራን ሎረንስቪል ያደገች፣ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የምትዘጋጅ፣ አንድ ነገር ከያዘች የማትለቅ ልጅ ናት። በየጠዋቱ ከሎረንስቪል ስትመጣ ታከር ላይ ነሲባን አሳፍራ ነው የምትሄደው። በመስከረም ወር በአንዱ ሰኞ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪኖች ሲንፏቀቁ፣ ሄራን ከዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት አንስታ ነሲባ ጭን ላይ ጣለችው።

“ፔቲሽን ነው። ሳይን አድርጊ።”

“የምን?”

“የኮሎኔሉ። ይቅርልን ነው የምንለው። ሲሪየስሊ፣ እስቲ አስቢው፤ ከዐሥሩ ፍሬሾች ስምንቱ ጥቁር ናቸው። ጥቁር ልጆች የባሪያ ጌታ በገመድ ይጎትታሉ፣ እሱ አለንጋ ያጮሃል፣ እኛ ቆመን እንቆጥራለን! በ1999!”

ነሲባ ወረቀቱን አየችው። ከሁለት መቶ በላይ ስም ሰፍሮበታል።

“ጨዋታ ነው ይላሉ እኮ” አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም ቀጠነባት።

“እነሱ ይበሉ። እኔን የሚገርመኝ ልብሱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው። ላይክ፣ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?”

ነሲባ ፈረመች። ስሟን ሳታመነታ ጻፈች፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ እንደ ወትሮው ሠረገላው ላይ ወጣች።

በአንድ ወር ውስጥ ፊርማው አንድ ሺህ አለፈ። የድሮ ተማሪዎች በበኩላቸው “ኮሎኔላችንን አትንኩ” የሚል ቲሸርት አሳትመው መልበስ ጀመሩ። ዩኒቨርሲቲው ነገሩ ሲከርበት ፕሮፌሰሮችም፣ የድሮ ተማሪዎችም፣ የአሁኖቹም ያሉበት ዐሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሁሉም ወገን የሚሰማበት ስብሰባም ከሆምካሚንግ፣ የድሮ ተማሪዎች ተሰብስበው ከሚመጡበት ጨዋታ፣ በኋላ ባለው ሐሙስ እንዲሆን ተቀጠረ።

የሆምካሚንግ ዕለት ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ነሲባ የምታየው በኮሎኔሉ አፍ ላይ በተሠራው ወንፊት በኩል ነው። ሠረገላው ሜዳውን ሲረግጥ በምሥራቅ በኩል ያሉ ሦስት መቶ የሚሆኑ ተማሪዎች፣ ጥቁርም ነጭም፣ አንድ ላይ ተነሡና ጀርባቸውን ሰጧት። አልጮኹም። ከመካከላቸው የሄራንን ቢጫ ጃኬት ለየችው።

ሠረገላው መሀል ሜዳ ቆመ። በስተግራ በኩል ለእሷ የቀረበው ጎታች ቴረንስ የሚባል የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳደረገ፣ ቀና ሳይል፣ “አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ በል” አላት። “እናቴ እያየችኝ ነው።”

መልስ መስጠት አይፈቀድም። ነሲባ አለንጋውን አነሳች። አንድ። የቆጠረው ግማሹ ስታዲየም ብቻ ነበር። ሁለት። የቴረንስ ትከሻ ሲሸማቀቅ አየች፤ አለንጋው እንኳን ሊነካው አጠገቡም አልደረሰ። ሦስተኛውን ስታጮኸው ክንዷ የሌላ ሰው ክንድ መሰላት።

ጨዋታው ሲያልቅ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ትልቁን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። ዳግመኛ እንደማትለብሰው ያን ጊዜ ነው የቆረጠችው። ለማን ምን እንደምትል ግን ገና አላወቀችም።

ሰኞ ሚስተር ኮልቢ ቢሮው አስጠራት። ስለ ቅዳሜው ሊያነሳባት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ሌላ ነገር ጠየቃት።

“የኮሎኔሉ ደብተር አንቺ ጋ ነው አይደል? እስከ ሐሙስ መልሽልኝ።”

ደብተሩ ከኮሎኔል ወደ ኮሎኔል የሚተላለፍ፣ ቆዳ የለበሰ አሮጌ ጥራዝ ነው። ልብሱን የሚለብስ ሰው ካልሆነ ማንም አያየውም። ነሲባ ያነበበችው ስለ ዳንሱና ስለ ሙቀቱ ምክር የተጻፈባቸውን የመጨረሻዎቹን ገጾች ብቻ ነበር።

“ለምን ተፈለገ?”

“ጠበቆቹ አሮጌ ወረቀት ሁሉ ይሰብሰብ ብለዋል። ደግሞ ለማንበብ አትድከሚ፤ ምንም የለበትም።”

ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ባትኖር ኖሮ ምናልባት ሳታነበው ትመልሰው ነበር። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። በ1928 በታይፕ የተጻፈ ነው።

“ኮሎኔሉ በእግሩ አይገባም፤ ባሮቹ ይጎትቱታል። የባሮቹ ምሳሌ ፍሬሾቹ ናቸው። ይህ በኮሎኔሎች መካከል የሚቀር ቀልድ ነው፤ ለሕዝቡም ሆነ ለፍሬሾቹ አይነገርም።”

ከሥሩ፣ ሌላ ሰው በሰማያዊ እስክሪፕቶ 1971 ብሎ ጽፏል። ያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ተጫዋቾች ቡድኑን የተቀላቀሉበት ዓመት ነው።

“ከዘንድሮ ጀምሮ ምሳሌነቱ ቀርቷል፤ እውነተኞቹን አግኝተናል።”

ከጎኑ የሚስቅ ፊት ተሥሏል።

ነሲባ ሦስት ጊዜ አነበበችው። “ልብስ ነው” ብላ ተጠግታበት የቆየችው ነገር ከእግሯ ሥር ተናደ። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በአውቶቡስ ወደ ታከር ሄደች።

አባቷ ለምሳ ቤት ደርሶ ወደ ሥራ ሊመለስ ሻትሉን እያሞቀ ነበር። ሙሀመድዘይን ደሴ ተወልዶ ያደገ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ነሲባ ከጎኑ ገብታ ተቀመጠችና ከውድድሩ ጀምራ እስከ ደብተሩ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ አዳመጣት።

“አንቺ ነሽ እላዩ ላይ የምትቀመጪው?”

“እኔ ነኝ አባዬ።”

“የሰው ልጆች እየጎተቱሽ?”

“አዎ።”

ሞተሩን አጠፋው። “የኛ ሰው ‘ዝም አይነቅዝም’ ይላል” አለ። “ወላሂ ውሸት ነው፤ ይነቅዛል። እኔ ደሴ ሳለሁ የጎረቤታችንን ልጅ አብዮት ጠባቂዎች ከደጁ ሲወስዱት ሰማሁ። ወጥቼ የእገሌ ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ ማለት ስችል በሬን ዘጋሁ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ያንን በር እየዘጋሁ ነው።”

ነሲባ ይህን ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። 

“ሐሙስ ልናገር ቆርጫለሁ” አለች በመጨረሻ። “የጨነቀኝ ደብተሩ ነው። ካልመለስኩት ሌባ ይሉኛል። ከመለስኩት ደግሞ ዳግም አይገኝም።”

“አማና ነው፣ አደራ ነው። አማና ይመለሳል።”

ነሲባ ልትወርድ የበሩን እጀታ ያዘች። እሱ ግን አልጨረሰም።

“የሚመለሰው ግን ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ያ ሰውዬ ነው?”

“አይደለም። የዩኒቨርሲቲው ነው።”

“ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ የሚሰበሰቡት እነማን ናቸው?”

ነሲባ ዞር ብላ አየችው። “ዩኒቨርሲቲው” አለች።

“ታዲያ ምኑን ነው የምትጠይቂኝ?” ሞተሩን አስነሳ። “ክፍያው ቢቀርብሽ ትምህርትሽ አንድ ዓመት ይዘገያል እንጂ አይሸሽም። በይ ውረጂ፣ መንገደኞች እየጠበቁኝ ነው።”

ረቡዕ ጠዋት መኪና ውስጥ ለሄራን ነገረቻት። ሄራን ወደ አንድ ነዳጅ ማደያ ገብታ ፓርክ አደረገችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

“የኔን ጀርባ አየሽው?”

“አየሁት።”

“እያየሽ አለንጋውን አጮኽሽው።”

“አጮኽኩት።”

ሄራን ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። “ደብተሩን ለኔ ስጪኝ” አለች ቆይታ። “እኔ አነበዋለሁ። አንቺ ከወጣሽ ይበሉሻል፤ እነሱም የኛዎቹም።”

“አይሆንም። አንቺ ካነበብሽው ከየት አመጣሽው ይሉሻል፣ ፈጠራ ነው ይሉታል። እኔ ከያዝኩት ከየት እንደመጣ የታወቀ ነው።”

“ነገ አደርስሻለሁ” አለች ሄራን፣ መኪናውን እያስነሳች። “ከዚያ በኋላ ግን አላውቅም፣ ነሲባ። ሪሊ፣ አላውቅም።”

“እሺ” አለች ነሲባ። ከዚህ የበለጠ ልትጠይቃት መብት እንደሌላት ገብቷታል።

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። ከቀኝ ባለ ቲሸርቶቹ፣ ከግራ ፊርማ አሰባሳቢዎቹ፣ ፊት ለፊት ዐሥራ አንዱ የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። ሄራን ተናገረች፤ አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር ተናገረ። ቀጥሎ ሚስተር ዊትሎክ የሚባል፣ ሰባ ስድስት ዓመት የሆነው የድሮ ተማሪ በምርኩዝ ወደ ማይክራፎኑ መጣ።

“በ1941 ያን ገመድ ጎትቻለሁ” አለ። “ዐሥር ነበርን። በዓመቱ ዐሥራችንም ዘመትን፤ ሦስቱ አልተመለሱም። አብረን ካደረግናቸው ነገሮች የማስታውሰው እሱን ነው፤ እየሳቅን ያንን ሠረገላ ስንጎትት። እዚያ ገመድ ላይ ጥላቻ አልነበረም። ስለ ባርነት አንድ ቃል ተነሥቶ አያውቅም። የሞቱ ጓደኞቼን ትዝታ አትውሰዱብኝ።”

 ሰውዬው አልዋሸም፤ ነሲባ ከፊቱ አንብባዋለች። ተራዋን የያዘችው ከእሱ ቀጥሎ ነበርና እንዲህ ያለውን ሰው ማስከፋት ከበዳት። ቢሆንም ተነሣች።

“ስሜ ነሲባ ሙሀመድዘይን ይባላል” አለች። “የዘንድሮው ኮሎኔል እኔ ነኝ።”

መጀመሪያ የተሳቀ መሰለ። ከዚያ ከግራ በኩል አንዲት ልጅ “አንቺ ነበርሽ?” ብላ ጮኸች፤ ከቀኝ በኩልም ወንበሮች ተንቋቁ። ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን እየደበደበች ጸጥታ አስከበረች። ነሲባ ደብተሩን ከቦርሳዋ ስታወጣ ሚስተር ኮልቢ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

“ያ ደብተር የስፖርት ክፍሉ ንብረት ነው!”

“እስከ ሐሙስ መልሺ ብለውኛል፣ ሚስተር ኮልቢ። ዛሬ ሐሙስ ነው። ለባለቤቱ እየመለስኩ ነው።”

የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች፤ የ1971ዱንም አነበበች፤ የሚስቀውንም ፊት ሳትተው ነገረቻቸው። ከዚያ ደብተሩን ተሸክማ ሄዳ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

ከኮሚቴው አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው፣ “አንቺ ራስሽ ስንት ሳምንት ተቀምጠሽበታል” አላት። “ዛሬ ምን ብለን እንመንሽ?”

“እኔን አትመኑኝ፤ ደብተሩን አንብቡት” አለች። “እኔ ተቀምጬበታለሁ፤ ክፍያዬን ተቀብዬበታለሁ፤ ወድጄውም ነበር። ሰው ወዶት ሊቀመጥበት እንደሚችል ስለማውቅ ነው ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት የምጠይቀው።”

ያን ጊዜ ሚስተር ዊትሎክ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ጠረጴዛው መጣና ደብተሩን እንዲያሳዩት ጠየቀ። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበ። “ፍሬሾቹ” የሚለው ላይ ጣቱ ቆመ።

“እኛንም ነው ለካ” አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። “ከኋላችን ተቀምጦ ሲስቅብን ነበር።” ከዚያ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረ። “የተናገርኩት የማውቀውን ነው። ይህን አላውቅም ነበር።” ማንንም ሳያይ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጥቶ ሄደ።

ኮሚቴው በሩን ዘግቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ተነጋገረ። ሲመለስ ድምፁ ሰባት ለአራት ነበር፤ ኮሎኔሉም፣ ሠረገላውም፣ አለንጋውም እንዲቀሩ ተወሰነ። በታኅሣሥ ወር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ውሳኔውን አጸደቀ።

ነሲባ የፈረመችውን አፍርሰሻል ተብላ ሥራዋንም የክፍያ ድጋፏንም አጣች። ሁለት ኮርስ ቀንሳ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዘች፤ በዚህም የተነሣ አንድ ዓመት ዘግይታ ነው የተመረቀችው። ስም የሌላቸው ሦስት ደብዳቤዎች መጡባት፤ አንደኛው “ወደ አገርሽ ሂጂ” ይላል። አባቷ አስተርጉሞ ሰማና፣ “ታከርን ማለቱ ነው?” ብሎ ወረቀቱን ቀደደው።

የጎዳት ሌላው ነበር። ከፊርማ አሰባሳቢዎቹ አንዳንዶቹ በመንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ቴረንስ አንድ ቀን ካፍቴሪያ ውስጥ ፊት ለፊቷ ቆሞ ብዙ ካያት በኋላ አልፏት ሄደ። እሷም አልተከተለችውም፤ ይቅርታዋን በደብዳቤ ጽፋ ሰጠችው እንጂ መልስ ስጠኝ አላለችውም። ሄራን እስከ የካቲት መኪናዋ ላይ አላሳፈረቻትም። በየካቲት በአንዱ እሑድ ደወለችና “ነገ ክላስሽ ስንት ሰዓት ነው?” አለቻት። እንደ በፊቱ ግን አልሆኑም፤ አንዳንድ ጠዋት ሄራን ዝም እንዳለች ይደርሳሉ፤ ነሲባም አትጫናትም።

በሚቀጥለው መኸር፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ዕለት፣ ነሲባ ትኬት ቆርጣ አባቷን ይዛ ስታዲየም ገባች። አዲሱ ማስኮት ገና አልተመረጠም ነበር። ፍሬሾቹ ከመውጫው ብቅ ብለው እየሮጡ ሜዳ ገቡ፤ ወላጆቻቸው በየስማቸው እየጠሩ ጮኹላቸው።

ከፊታቸው የተቀመጠ፣ የኮሎኔሉን ቲሸርት የለበሰ ሰውዬ ዞር አለና ትክ ብሎ አያት። “ኮሎኔሉን ያስቀረሽው አንቺ ነሽ አይደል?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለች።

ሰውዬው ሌላ ነገር የምትጨምር መስሎት ጠበቀ። አልጨመረችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም። ቆይቶ ወደ ሜዳው ዞረ።

“ምን አለሽ?” አለ ሙሀመድዘይን።

“ማንነቴን ጠየቀኝ።”

አባቷ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ተጫዋቾቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲከመሩ ጥቂት ካየ በኋላ፣ ኳሷን በእጃቸው ከያዟት ፉትቦል ያሏት ለምን እንደሆነ ጠየቃት።